እግር ላይ የሚደርቅ ጫማ

የባለቤቴ አባት፣ ልጃቸውን ካገባሁ ስንት ዓመት አልፎም፣ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ሙሽራው» ነው የሚሉኝ። ልጆቼ ፊትም፣ ገበያ መሀልም፣ ዘይት ተለቅልቄ ከመኪና ሥር ተኝቼ ሲያገኙኝም ያው «ሙሽራው» ነኝ። እኔም «አባባ» እላቸዋለሁ። ከዚያ ያለፈ ብዙ አንነጋገርም ነበር። አማትና አማች ነና። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ አውርተን እንጨርስና ዝም እንላለን። ዝምታው ለሁለታችንም አይከብደንም።

እኔ መርሳ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ የመኪና ጥገና ጋራዥ አለኝ። አባባ ደግሞ ከግራና ከተማ ዝቅ ብሎ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ወንድ ልጅ የላቸውም። የባለቤቴ እናት ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከእኛ ጋር ይሁኑ ብለን ለምነናል፣ ሽማግሌም ልከናል። «ማሽላውን ለማን ልተወው?» እያሉ ይመልሱናል።

ማሽላው እውነትም ጥለውት የሚሄዱት አልነበረም። ማሳው ከጫካው ጥግ ስለሆነ ኅዳር ላይ ፍሬው ሲጠነክር ከርከሮ ይገባበታል። ከርከሮ ደግሞ በልቶ ብቻ አይሄድም። አገዳውን እየሰበረ፣ እየረገጠ፣ ሥሩን እየፈነቀለ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በዚያ ወቅት የአካባቢው ሰው ማሳው ዳር ጎጆ ቀልሶ እዚያው ይሰፍራል። ጠመንጃ ያለው በጠመንጃ፣ የሌለው በጦርና በዱላ፣ ከርከሮውን ከገደሉ እያስወጣ ያድናል። አደን ይባል እንጂ የሚፎከርበት አይደለም። ሥጋው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የማይበላ ነው። የገደለ ሰው ጎትቶ ለጅብ ይጥለውና እጁን ታጥቦ ይመለሳል።

በዚያ ዓመት አባባ ራሳቸው ደወሉልኝ። መደወል አያበዙም።

«ሙሽራው፣ ሥራ ካልያዘህ ጥቂት ቀን ብትመጣልኝ» አሉ።

«ምነው አባባ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። መሮጡ ትንሽ አስቸገረኝ እንጂ።»

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ስለ ስኳራቸው ጠየቀቻቸው። ወልዲያ ሄደው ተመርምረው ስኳር አለብዎት ከተባሉ ቆይተዋል፤ ክኒንም ታዞላቸዋል። «እወስዳለሁ፣ አልተውኩም» ብለው ዘጉባት። እሷም ክኒን ገዝታ፣ ደረቅ እንጀራና ሽሮ ቋጥራ ሰጠችኝ። የገና ጾም ገብቶ ነበር።

ጋራዡን ለሸሪኬ ትቼ በባጃጅ ግራና ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ቀጠልኩ። ወንዙ ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። በድንጋይ በድንጋይ እየረገጥኩ ጫማዬ ሳይነካው ተሻገርኩት።

አባባን ጎጆው ደጅ አገኘኋቸው። ጎጆው በአገዳ የተከደነ፣ ፊቱ ክፍት፣ መሀሉ ላይ እሳት የሚነድበት ነው። አብሯቸው የድሮ ጎረቤታቸው ነበሩ፤ ከአባባ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ጠመንጃ ያላቸው፣ ሙስሊም ሰው። ማሳቸው ከአባባ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው። አባባን «ጋሼ» ነው የሚሏቸው።

መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው የአባባ ጫማ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በጎማ ጫማ የኖሩ ሰው፣ እስከ ባት የሚደርስ ጥቁር ከስክስ ተጫምተዋል፤ ወታደር የሚያደርገው ዓይነት።

«ከሐራ ገበያ ነው» አሉኝ ማየቴን አይተው። «እሾህ አይበሳው፣ ድንጋይ አይቆርጠው።»

«አምሮብዎታል» አልኳቸው።

ጎረቤታቸው ሳቁ። «ሲተኙም አያወልቁት! ጄኔራል ሆነውብናል» አሉ። አባባም ፈገግ አሉ። ሲራመዱ ግን መሬት መሬት እያዩ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በዓይናቸው እየመረጡ መሆኑን ልብ አልኩ። ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ መጣ። በኅዳር የደረሰ ማሽላ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ለገበሬ መርዶ ነው። ፍሬው ይጠቁራል፣ ቆሞ ይበቅላል። ሦስታችንም ጎጆው ውስጥ ተኮራምተን ማሳውን እናያለን። ጎረቤታቸው «ያ አላህ» ይሉና ዝም፣ ደግሞ «ያ አላህ» ይሉና ዝም። የሚደረግ ነገር ቢኖር ሦስታችንም ተነስተን ባደረግነው። አልነበረም።

ሲነጋ አባራ። መሬቱ ርሶ ስለነበር የከርከሮው ዱካ እንደ ማህተም ቁልጭ ብሎ ታየ። ወደ ገደሉ ወርዷል። ጎረቤታቸው «ዛሬ ካላስወጣነው ነገ ማሳው የለም» አሉ። እኔና እሳቸው ከላይ እየጮህን ልናባርር፣ አባባ መሮጥ ስላቃታቸው ከታች የገደሉ አፍ ላይ ጦራቸውን ይዘው ሊቆሙ ተስማማን። የገደሉ አፍ ላይ ደግሞ የዝናቡ ውኃ ይወርዳል። ባታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ረፋዱን ሙሉ ጠበቁን።

አልቀናንም። ጎረቤታቸው ተኩሰው ሳቱ፤ ከርከሮዎቹ በሌላ ጎን ሾልከው ወጡ። ገና ማሳው ጋ ሳንደርስ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ጎጆው ስንገባ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። ከላይ እስከ ታች በስብሰናል።

እሳት አነደድን። ጎረቤታቸው ፕላስቲክ ጫማቸውን አራግፈው ወዲያ አስቀመጡት፤ የእሳቸው በዚያው አለቀ። እኔ የሸራ ጫማዬን አውልቄ ገበሩን አወጣሁ፣ ውስጡን ደረቅ ቅጠል ጠቅጥቄ እሳቱ አጠገብ በተተከለ ባላ ላይ ሰቀልኩት። ካልሲዬን ጨምቄ ከጎኑ አንጠለጠልኩ። አባባ ከስክሳቸውን እንደተጫሙ ተቀመጡ።

«ያውልቁት እንጂ፣ ጋሼ» አሏቸው ጎረቤታቸው። «ውኃ ጠጥቶ የለም እንዴ።»

«እግሬ ላይ ይደርቃል።»

«አንቱ ሰው፣ እንዴት ሆኖ?»

«ቆዳ ርሶ ከወለቀ ይኮማተራል፤ ነገ እግሬ አይገባም። እግር ላይ ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል።»

ነገሩ እውነትነት ነበረው። እኔም ሲባል የሰማሁት ነው። ደግሞስ ቢሆን፣ እኔ አማች፣ እሳቸውን ጫማ ያውልቁ ብዬ ጎንበስ ልል? አባባ ግንድ ተደግፈው ሁለት እግራቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ። ከስክሱ መጨስ ጀመረ፤ እንፋሎት ነበር። ጎረቤታቸው ስለ አንድ ርቀው ስለሄዱ ዘመዳቸው ያወጉን ጀመር። አባባ ሲሰሙ ቆይተው አንገታቸው ዘንበል አለ። ረፋዱን ሙሉ ውኃ ውስጥ የቆመ ሽማግሌ ነው፣ ይተኛ አልን። እሳቱ ሲቀንስ እንጨት ጨመርን።

ከቆይታ በኋላ የሆነ ነገር ሸተተኝ።

«ምን ተቃጠለ?» አሉ ጎረቤታቸው።

ጫማዬ መስሎኝ ዘልዬ ከባላው ላይ አነሳሁት። ምንም አልሆነም። ካልሲዬን አየሁ፤ እሱም ደህና ነው። ያኔ ነው ዓይኔ አባባ እግር ላይ ያረፈው። የቀኙ ከስክስ ሶል ቀልጦ ተንጠባጥቧል። እግራቸው ፍሙን ሊረግጥ ምንም አልቀረው። ቁርጭምጭሚታቸውን ይዤ ሁለቱንም እግር ወደ ኋላ ጎተትኩ።

አባባ ነቁ። «ምነው ሙሽራው?» አሉ በተረጋጋ ድምፅ።

ያ ድምፅ ነው እስካሁን የማይለቀኝ። ቢጮኹ፣ ቢራገሙ፣ እግሬን ብለው ቢወራጩ አልደነግጥም ነበር። እሳቸው ግን ከቀላል እንቅልፍ የቀሰቀሷቸው ያህል ነው ያዩኝ።

«ተቃጠሉ እኮ፣ አባባ!»

«ኧረ ባክህ» አሉ፤ እግራቸውንም ተመለከቱ። «ጫማው ነው እንጂ።»

የጫማው ክር ርሶ አብጦ አልፈታ አለ። በቢላ ቆረጥኩት። ከስክሱ ሲወልቅ ካልሲው አብሮ መጣ፤ ከካልሲው ጋር ደግሞ የእግራቸው ቆዳ መጣ። ጎረቤታቸው ፊታቸውን አዞሩ። የግራው ውኃ ቋጥሮ ነበር። የቀኙ ከአውራ ጣታቸው ጀምሮ ውስጥ እግራቸው ድረስ ነጭና ጥቁር ሆኗል። ያን ሁሉ ስነካካ አባባ ቅጭም አላሉም። እንደ ሌላ ሰው እግር ነው የሚያዩት።

«አያመዎትም?»

«አያመኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ዓይናቸውን እሳቱ ላይ አደረጉ። ከዚያ መናገር ጀመሩ። ከካቻምና ጀምሮ እግራቸው እየራቃቸው መጣ። መጀመሪያ ጥጥ የረገጡ ይመስላቸው ነበር። ኋላ ጥጡም ጠፋ። አንድ ቀን እሾህ ወግቷቸው ሲመሽ መደባቸው ላይ ደም አይተው ነው ያወቁት። ከዚያ ነው ከስክስ ፍለጋ ሐራ የሄዱት።

«ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«ብነግራችሁ ምን ልታደርጉ? ከማሳዬ ልታነሱኝ።»

እውነታቸውን ነው፤ እናነሳቸው ነበር።

ጎረቤታቸው ማር እንቀባው አሉ፤ ቀጥለው ቅቤ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው «ኧረ ተው፣ እናበላሸዋለን» ብለው ተቀመጡ። ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ኔትወርክ የለም። ያለው ከማሳው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ልነሳ ስል አባባ እጄን ያዙኝ።

«ለልጄ እንዳትነግራት።»

«አባባ፣ እሱን እንኳ አልችልም።»

እጄን ለቀቁኝ።

በባዶ እግሬ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ጉብታው ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ የደወልኩት ግራና ለማውቀው ነርስ ነው፤ ሞተር ብስክሌቱን የምጠግንለት ሰው ነው። የሆነውን ነገርኩት። «ምንም አትቀቡት። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ቶሎ አምጧቸው» አለኝ። ከዚያ «በምን ታመጧቸዋላችሁ? ወንዙ እኮ ሞልቷል» አለ።

ቀና ብዬ አየሁ። ከጉብታው ላይ ወንዙ ይታያል። ከትናንት ወዲያ በድንጋይ በድንጋይ የተሻገርኩበት የት እንደሆነ እንኳ አይለይም። ደጋው ላይ የዘነበው ሁሉ ወርዶ፣ ቡናማ ውኃ ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። ከማዶ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ከወዲህም ቆመው የሚያዩ አሉ።

ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«ስልኩን ስጣቸው» አለችኝ።

«እዚህ አይደሉም። ጎጆው ጋ ኔትወርክ የለም።»

«ታዲያ አምጣቸዋ።»

«አሁን ወንዙ አያሻግርም።»

«እኔስ ምን ላድርግ?»

ምን ልበላት? መርሳ ላይ ቆማ፣ እኔ ጉብታ ላይ ቆሜ፣ አባቷ ጎጆ ውስጥ እግራቸውን ዘርግተው። «ጠብቂን» አልኳት።

ወደ ጎጆው ተመልሼ ንጹሕ ጨርቅ ፍለጋ ቦርሳዬን በረበርኩ። በፌስታል የጠቀለልኩት አንድ ሸሚዝ ሳይርስ ቆይቶኝ ነበር። ቀድጄ ሁለቱን እግር ሸፈንኩላቸው። ይኼንን ሳደርግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። አማች እግራቸውን መያዙ ከእሳቱ ይልቅ ያቃጠላቸው ይመስለኛል። ጎረቤታቸው እስኪመሽም፣ ከመሸም «አብሽሩ ጋሼ፣ አብሽሩ፤ ኢንሻአላህ ነገ ወንዙ ይጎድላል» እያሉ አብረውን ተቀመጡ።

ሲነጋ ጎረቤታቸው የአካባቢውን ሰው ጠርተው መጡ። ቃሬዛ ሠራን። አባባን ስናስቀምጣቸው «ሬሳ አስመሰላችሁኝ» አሉ፤ ማንም አልሳቀም። ወንዙ ዳር ወስደን አስቀመጥናቸውና መጠበቅ ጀመርን። ጠመንጃ የያዘም፣ ጦር የያዘም፣ ምንም ያልያዘም፣ ሁላችንም ቆመን ውኃ እናያለን። አንዱ ድንጋይ ተክሎ ውኃው መጉደል አለመጉደሉን ይለካል። ጎደለ ስንል ይመለሳል። ነርሱ ከማዶ መጥቶ ቆሟል። መድኃኒቱን ከፍ አድርጎ ያሳየናል፤ የሚያቀብለን መንገድ ግን የለውም። አባባ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ መንቀጥቀጥ ያዛቸው። ግንባራቸው ይፋጃል። ጋቢያቸው ላይ ጋቢ ደረብንላቸው። የምናደርገው እሱን ብቻ ነበር፤ መደረብ።

ውኃው ወገብ ድረስ ሲሆን ጉልበት ያላቸው ሰዎች ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ገቡ። እኔ ከጎን ሆኜ የአባባን እጅ ይዤ ነበር። ልደግፋቸው ይሁን ልደገፍባቸው አላውቅም። መሀሉ ላይ አንዱ ተሸካሚ ሸርተት ሲል ጎረቤታቸው ከኋላ ትከሻቸውን አስገብተው አቀኑት። ከማዶ ስንወጣ ነርሱ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የሸፈንኩትን ፈታ። አየው። መልሶ ሸፈነው። «መርሳ አትቁሙ፤ ቀጥታ ወልዲያ» አለኝ።

ባለቤቴ መርሳ አስፋልቱ ላይ መኪና ይዛ ጠበቀችን። ገብታ የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። እስከ ወልዲያ ድረስ አባባ የተናገሩት አንድ ነገር ነው። «ማሽላው ያለ ጠባቂ ነው» አሉ።

ወልዲያ ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳን። ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ገድሎታል፤ ደሙም በደንብ አይደርስም። የግራው ይድናል አለን። ለቀኙ ሲሞክሩ ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጣቶቹ መቆረጥ አለባቸው፣ አለዚያ ወደ ላይ ይወጣል አሉን። ፈርሙ ተባልን። ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀበለች። አባባ «አምጪ፣ እኔ ልፈርም፤ እግሩ የእኔ አይደል እንዴ» ብለው በአውራ ጣታቸው አተሙ።

ሆስፒታል ሳሉ ጎረቤታቸው ደወሉ። ስልኩን ለአባባ ሰጠኋቸው። ጎረቤታቸው እንዲህ ዓይነት ነገር የሚደብቁ ሰው አይደሉም።

«ጋሼ፣ ከርከሮው ገብቶበታል» አሏቸው። «ወንዙ ጋ በነበርንበት ቀን ነው። የእኔም የእርስዎም።»

«ምን ያህል ቀረ?»

«ግማሽ ይሆናል። ሰው ጠርቼ በደቦ እናጭደዋለን።»

«እንደ ተመቻችሁ አድርጉት» አሉና ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ማሽላ ሲያወሩ አልሰማኋቸውም።

አሁን መርሳ ከእኛ ጋር ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጋራዡ ደጅ ወንበር አወጣላቸውና የሚያልፈውን መኪና ያያሉ። ሐኪሙ እግራቸውን በየቀኑ ዓይተን እንድናጥብ አዞናል፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ማየት ስለማይችሉ ሌላ ሰው ማየት አለበት። ልጃቸው ስታይ ታለቅሳለች፤ እሷ ስታለቅስ እሳቸው ይቆጣሉ። ስለዚህ ለእኔ ደረሰ። መጀመሪያ ሰሞን እምቢ ብለውኝ ነበር። አሁን ዝም ብለው ይዘረጉልኛል፤ ፊታቸውን ግን ወደ መንገዱ ያዞራሉ።

«ምን አለ?» ይሉኛል።

«ምንም የለም፣ አባባ።»

«ተመስገን።»

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት የግራ ጫማቸውን ሳወልቅ ትንሽ ብሎን ዱብ አለች። ከጋራዡ ገብታ መሆን አለበት፤ መቼ እንደ ገባች እግዜር ይወቅ። ውስጥ እግራቸው ላይ በልኳ ጉድጓድ ሠርታለች። ጎንበስ ብዬ ቁስሉን ማየት ያዝኩ።

«ምን አለ?» አሉ፤ መንገዱን እያዩ።

ብሎኗን አንስቼ መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። አገላብጠው አገላብጠው አዩዋት።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ በእሷ ላይ ስሄድ ነበር?»

«ይመስለኛል።»

«አንተ ካልነገርከኝማ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ።

በዚያው ቀን ወልዲያ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ጠርጎ በፋሻ አሰረው። እንግዲህ እናያለን አለ፤ ይድናል ወይም አይድንም ብሎ ቁርጡን አልነገረንም። በየሁለት ቀኑ ፋሻውን እፈታለሁ። አንዳንድ ቀን የቀነሰ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ያው ነው። ባለቤቴ ከኩሽና ሆና «እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ እኔም ያየሁትን እነግራታለሁ።